አንድ ቀይ ብቻ

እትዬ ቁልፉን ተጫነችና እጆቿን ጭኖቿ መሃል ቀብራ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። መስመሮቹ እየተግተለተሉ ወረዱ። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። እንደ ትናንቱ፣ እንደ ትናንት በስቲያው፣ አንድም ቀይ የለም።

"አለፈ?" አለ አለቃው ከኋላዋ ቆሞ።

"አለፈ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

አለቃው አጨበጨበ። የዞረው ግን ወደ እሷ ሳይሆን መስኮቱ አጠገብ ወዳለው ጠረጴዛ፣ ወደ ታናሽ እህቷ ነበር። "ሚጢጢ! አንቺ ሰው ነሽ ማሽን? አንድ ስህተት እንኳን ለእህትሽ ብትተዪላት ምን አለበት? ሥራ አስፈታሻት እኮ!"

ቢሮው ሳቀ። እትዬም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

ሚጢጢን እዚህ መሥሪያ ቤት ያስገባቻት እሷ ናት። "እህት አለችኝ፣ ኮድ ትጽፋለች፣ አንድ ዕድል ስጧት" ብላ አለቃውን የለመነችውም እሷ ናት። ሚጢጢ በገባች በሳምንቱ ሰው ሁሉ እንደ እሷ "እትዬ" ይላት ጀመር፤ የገዛ ስሟ ተረሳ። አሁን መጠሪያዋ እንኳን ከእህቷ አፍ የወጣ ነው።

ድርጅቱ የሚሠራው ሐኪም ቤት ለሚገቡ የመድኃኒት ፓምፖች ነው። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት በሰዓት ስንት መውረድ እንዳለበት የሚያሰላውን፣ የፓምፑ ፕሮግራም እየጠራ የሚጠቀምበትን ኮድ ያዘጋጃሉ። ላይብረሪ ይሉታል። አዲሱን ላይብረሪ የምትጽፈው ሚጢጢ ናት፤ እሱን የሚፈትነውን ስክሪፕት የምትጽፈው ደግሞ እትዬ። ስክሪፕቱ ላይብረሪውን ይገነባል፣ ጥያቄዎቹን በየተራ ይጠይቀዋል፤ መልሱ ከተጠበቀው ጋር ከገጠመ አረንጓዴ፣ ካልገጠመ ቀይ ይጽፋል።

ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ሴት ነበረች። ክፉ ክፉውን ማሰብ ከልጅነቷ አብሯት ያደገ ነው። ስልክ በማለዳ ከጠራ ሰው ሞቷል፤ ልጇ ካስነጠሰች ሳንባ ምች ነው። ነርሷ ክብደቱን ሳትሞላ ብትረሳውስ? መብራት ሄዶ ሲመለስ ፓምፑ ከዜሮ ቢጀምርስ? አለቃው "ሟርተኛችን" ይላታል። "ሌላው በነጻ ያሟርታል፣ እሷ ግን በደሞዝ" ይላል።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ መጀመሪያ ያሰበችው የልጇን ክብደት ነው። ልጅቷ ያለጊዜዋ ስትወለድ አንድ ኪሎ አልሞላችም ነበር። መስታወት ሣጥን ውስጥ ተኝታ፣ ከእናቷ ጣት የማይወፍር እግሯ ላይ ቱቦ ተሰክቶ፣ እትዬ ቆማ ጠብታዋን ትጠብቅ ነበር። ሚጢጢም ያኔ አብራት ቆማለች። ምናልባት ከዚያ ይሆናል፣ ልጅቷ "አክስቴ" ሳትል የማታድረው።

ዛሬ ጠዋት እንኳን እትዬ ሚዶውን ይዛ ስትጠራት ልጅቷ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "አንቺ ታሳምሚኛለሽ። አክስቴ ትሥራኝ!" አብራቸው የምትኖረው ሚጢጢ ጥርሷን እየፋቀች መጥታ፣ እየዘፈነች፣ ቶሎ ሠራቻት። ሚዶው እትዬ እጅ ላይ ቀረ።

ስልኳ ጠራ። ከቤት ነው፤ ልጅቷ።

"እማ፣ አክስቴ አለች?"

እትዬ ዞር አለች። ሚጢጢ መስኮቱ ሥር አለቃው በሚነግራት ነገር ትስቃለች።

"የለችም" አለች እትዬ። "ወጥታለች። ለእኔ ንገሪኝ።"

"ለእሷ ነው የምነግራት" አለችና ልጅቷ ዘጋችው።

እትዬ ስልኩን በግንባሩ ደፋችው። ከምሳ በኋላ የፓምፕ ፋብሪካው ሰዎች ይመጣሉ። ትልቁ ስክሪን ላይ የእሷ ስክሪፕት ይሮጣል፤ የሚታየው አረንጓዴ ግን የሚጢጢ ነው። ስክሪፕቱ መስታወት ነው፤ መስታወት ፊት ቆሞ መስታወቱን የሚያደንቅ ማን አለ?

አንድ ቀይ ብቻ ማየት አማራት። ለማንም አታሳይም፤ ለራሷ ብቻ።

የሚጢጢን ኮድ በራሷ ማሽን ላይ ከፈተችው። ዋናው ስሌት ያለበትን ቦታ ፈለገች፤ ሁሉም ሰው "እንዴት ያምራል" ያለለትን። መስመሮቹን በሙሉ መርጣ አጠፋቻቸውና በቦታቸው አንዲት መስመር ጻፈች፦ ምንም ብትጠየቅ ዜሮ መልስ። እጇ ሲጽፍ ጆሮዋ ይግል ነበር፤ የሰው ልብስ በመቀስ የምትቀድ ያህል። ከዚያ ቁልፉን ተጫነች። እስቲ አሁን ሳቂ፣ አለች በልቧ።

አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ።

ክው አለች።

ድጋሚ አስሮጠችው። አረንጓዴ። ለሁሉም ጥያቄ ዜሮ የሚመልስ ላይብረሪ ፈተናውን በሙሉ አለፈ።

የሆነው የገባት ወንበሩ ላይ ደርቃ ከቆየች በኋላ ነው። ስክሪፕቷ አዲሱን ላይብረሪ በደንብ ይገነባል። ሲፈትን ግን ማሽኑ ቀድሞ የሚያየው ስክሪፕቱ ያለበትን ፎልደር ነው፤ እዚያ ደግሞ እትዬ ሥራውን ስትጀምር በእጇ ያስቀመጠችው፣ ከአዲሱ በፊት ያገለግል የነበረው አሮጌው ላይብረሪ ተኝቷል። አዲስ ሻይ አፍልቶ የትናንቱን እንደ መቅመስ። ሚጢጢ አዲሱን መጻፍ ከጀመረች ወዲህ እዚህ ቢሮ የተጨበጨበለት ሁሉ የአሮጌው አረንጓዴ ነው።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነበር። የሚጢጢን ኮድ እንደነበረው መለሰችው፤ ስክሪፕቱ አዲሱን ብቻ እንዲያነብ አዘዘችው። አስሮጠችው።

አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቀይ።

አንዲት ቀይ። ያለጊዜው የተወለደው ሕፃን ጥያቄ። የተጠበቀው መልስ እዚህ ግባ የማይባል ጠብታ ነው፤ የመጣው ዜሮ።

መጀመሪያ የመጣላት ደስታ ነበር። ደረቷ ሙሉ፣ ሞቅ ያለ ደስታ። ቀጥሎ ሐሳቡ ራሱ መጣ፣ ያለቀለት ሆኖ። ማንም አላየም። አንዷን መስመር ማስተካከሏን ማንም አያውቅም። ዝም ብትል፣ ከምሳ በኋላ በትልቁ ስክሪን፣ በእንግዶቹ ፊት፣ ቀዩ ይበራል። "ይሄ የማን ነው?" ይባላል። እትዬ ጣቷን ማንሳት እንኳን አይጠበቅባትም።

"እትዬ፣ ምሳ አትበዪም?"

ሚጢጢ የምሳ ዕቃዋን ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እትዬ ስክሪኑ ላይ የተከፈተውን መስኮት ጠቅ አድርጋ ደበቀችው።

"ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።"

"ምንም። እንግዶቹን እያሰብኩ።"

"ኧረ ተይ! እኔ የጻፍኩት እኮ ነው፣ እኔ አልፈራሁ። እንዲያውም እንቅልፌን ለጥ ብዬ ነው ያደርኩት።" ሚጢጢ ማንኪያዋን ላሰች። "ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አንቺ ስላየሽው። አንቺ እኮ መንገድ ስንሻገር ቆሞ ያለ መኪና የምትፈሪ ሰው ነሽ። አንቺን ያለፈ ኮድ ማን ይጥለዋል?"

 የእትዬ ደስታ ቀስ እያለ ጎመዘዘባት። ዓይኗ ላይ የመጣው ትልቁ ስክሪን አልነበረም፤ የመስታወት ሣጥኑ ነበር። መብራቱ የሚበራ፣ ድምፁ የሚሰማ፣ ደህና የሚመስል ፓምፕ። ቱቦው ውስጥ ግን የሚወርድ ነገር የለም። አጠገቡ ጠብታ የምትቆጥር እናት ቆማለች።

የደበቀችውን መስኮት መልሳ ከፈተችው። "ወንበር ሳቢና ነይ።"

ሚጢጢ ጠጋ ብላ አየች። ማንኪያው አፏ ጋ ቆመ። "ይሄ ምንድን ነው? ጠዋት አረንጓዴ ነበር።"

"ጠዋት አሮጌውን ነበር የሚፈትነው። የእኔ ስክሪፕት። ያንቺን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም።"

"አንድም ቀን?"

"አንድም ቀን።"

"እትዬ!" ሚጢጢ ምሳ ዕቃውን አስቀመጠች። "እኔ እኮ አንቺን አምኜ ነው የተውኩት! ስንቱን ስቆርጥ ስቀጥል፣ 'እትዬ ታየዋለች' እያልኩ! ዓይንሽ የት ነበር?"

"ጩኺ፣ ጩኺ። መጀመሪያ ግን ስህተቱን ፈልጊ።"

ሚጢጢ ስህተቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም። ስሌቱ እንዲፈጥን ብላ የመልሱን ሽርፍራፊ፣ ከነጥብ በኋላ ያለውን፣ ቆርጣ ትጥለው ነበር። ለትልቅ ሰው ያቺ ሽርፍራፊ ምንም አይደለችም፤ ፈተናውም ይህን ያህል ልዩነት ይፈቅዳል። ለዚያ ሕፃን ግን መድኃኒቱ ራሱ ሽርፍራፊዋ ነበረች። ሚጢጢ ይህን ስታይ አፏን በመዳፏ ያዘች። ሁለቱም የማንን ክብደት እያዩ እንደሆነ ያውቃሉ።

"ቆይ" አለች ሚጢጢ እያስተካከለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። "አሮጌውን እንደሚፈትን እንዴት ነቃሽ?"

"ኮድሽን አበላሽቼ አስሮጥኩት። አረንጓዴ ሲል ነቃሁ።"

"ሆነ ብለሽ?"

"ሆነ ብዬ።"

ሚጢጢ ቀና ብላ አየቻትና ራሷን ነቀነቀች። "አንቺ ሟርተኛ" አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን አድናቆት ነበር።

አለቃው ሲነገረው መጀመሪያ ፊቱ ደም ለበሰ። የተስተካከለው ሲሮጥና ሁሉም አረንጓዴ ሲሆን ቀለሙ ተመለሰ። ምሳውን ሳይጨርስ ነገሩን እያገላበጠ መልክ አስያዘው፤ እንግዶቹ ሲገቡ ታሪኩ በአፉ ላይ በስሎ ነበር።

"የእኛ ፈታኝ" አለ እትዬን በእጁ እያሳየ "ፈተናውን ራሱን ፈተነችው! ደህናውን ኮድ ሆነ ብላ ሰብራ፣ ስክሪፕቷ ይይዘው እንደሆነ አየች። አልያዘውም። በዚያ መንገድ ነው ይህን ስህተት ያገኘነው።"

ከፋብሪካው የመጡት ትልቋ ሴትዮ፣ መሐንዲሷ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እሷ ዞሩ። "ይህን ያሰቡት እርስዎ ነዎት?"

"አዎ" አለች እትዬ።

"ብዙ ቦታ ሄጃለሁ። የሌላውን የሚጠራጠር ሞልቷል፤ የራሱን ሥራ የሚጠራጠር ግን አላገኘሁም። ይህ ዘዴ በየቀኑ ይደረግ ዘንድ ውል ውስጥ ይግባልን።"

ተጨበጨበ። ለእሷ፣ ለእሷ ብቻ። ከሁሉም በላይ ያጨበጨበችው ሚጢጢ ነበረች፤ ወንበሯ ላይ ከፍ ብላ "እህቴ ናት!" አለች ማንም ሳይጠይቃት። እትዬ ስንት ጊዜ የተመኘችው ጭብጨባ ነበር። ሲመጣ አፏ ውስጥ ዱቄት ሆነባት።

እንግዶቹ ሄዱ፤ አለቃው እየሸኛቸው ወጣ። ሚጢጢ ገመዶቹን እየጠቀለለች ታፏጫለች።

"ዘዴ አይደለም" አለች እትዬ።

"ምኑ?"

"ኮድሽን ያበላሸሁት። ፈተናውን ለመፈተን አይደለም። ቀይ ሆነሽ ላይሽ ፈልጌ ነው።"

ፉጨቱ ቆመ።

"ቀንቼ" አለች እትዬ። "ጠዋት ሲያጨበጭብልሽ። ቀዩ ሲመጣም በእንግዶቹ ፊት እንዲወጣ አስቤ ነበር። ምሳ ልትጠሪኝ ስትመጪ እያሰብኩት ነበር።"

ሚጢጢ የጠቀለለችውን ገመድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የምትስቅ መስሎ ነበር፤ አልሳቀችም። "ለሥራው ነው?" አለች በመጨረሻ።

"ለሥራው። ለልጅቷም። ለሚዶውም።"

 ሚጢጢ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። እትዬ የከፋውን አሰበች፤ ማሰብ የምትችለው እሱን ነው። ዛሬ ማታ ሚጢጢ ሻንጣዋን ይዛ ከቤት ትወጣለች። ልጅቷ በር ላይ ታለቅሳለች።

ስልኩ ጠራ።

"እማ" አለች ልጅቷ። "አክስቴ ተመለሰች? አለች?"

እትዬ የእህቷን ጀርባ አየች።

"አለች" አለች። "ጠዋትም ነበረች።"

ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ወደ መስኮቱ ዘረጋችው። ሚጢጢ አልዞረችም። ከስልኩ ውስጥ "አክስቴ? አክስቴ?" የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማል። እትዬ አልዘጋችውም፣ ወደ ራሷም አልመለሰችውም፤ ክንዷ እየዛለ፣ እንደ ዘረጋች ቆየች።