አርባ ሦስተኛው ገጽ

ውሃ ሻጩ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። አህያው በርሜሉን ጎትቶ ደጃፉ ላይ ሲቆም ሣህሊቱ ሁለት ጀሪካን ቀድታ ዚሩን፣ ትልቁን የሸክላ ጋን፣ ሞላች። ግቢውን ጠረገች። ነፋሱ ያመጣውን አሸዋ ከአልጋው ላይ አራገፈች። ጎረቤቷ ዘሐራ በአጥሩ ላይ ትኩስ ኪስራ፣ የሱዳኖቹን ስስ የማሽላ እንጀራ፣ አቀበለቻትና ዛሬስ ጨርሰሽ ብይ ብላ ተቆጣቻት። ሣህሊቱ ሻይ አፈላች፤ አንድ ብርጭቆ አወጣች። ኪስራውን ግማሽ አድርሳ ተወችው። ከዚያ ጥቁር ቀሚሷን ለበሰችና ከሣጥኑ ውስጥ ቀዩን መዝገብ አወጣች።

በስደት ያለው የፓርቲያቸው ቃለ ጉባኤ ነው። ባሏ አቶ ላቀው ፓርቲውን በሊቀ መንበርነት በመራበት ስምንት ዓመት ሁሉ ጸሐፊዋ እሷ ነበረች። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ በአንድ ፊቱ ብቻ ትጽፍና ገጹን በቁጥር ትለይ ነበር። ያለፈው ቃለ ጉባኤ ሳይነበብ አዲስ ስብሰባ አይጀመርም፤ ድምፅ የሰጠ ሁሉ በእጁ ይፈርማል። የላቀው ደንብ ነው።

ይህን ልማድ ያመጣው ከአዲስ አበባ ነበር። በንጉሡ ዘመን ከመተማ ቆላ ተመርጦ ሁለት ጊዜ ፓርላማ ገብቷል። አንድ ቀን የጭሰኞች ሕግ ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ እጁን ያላወጣ እሱ ብቻ ሆነ። ሰብሳቢው የመተማ ሐሩር አናትዎ ላይ ወጥቷል እንዴ ብሎ አሣቀበት። ላቀው ሣቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀና ብቻውን መሆኑ እንዲጻፍለት ጠየቀ። ተጻፈለት። ደርግ ፓርላማውን ሲዘጋ በእግሩ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባ። እዚያ የሰሊጥ አጫጆች ሳይቀሩ «የተከበሩ» ይሉት ነበር፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ በፌዝ። እሱ ለሁሉም አቤት ይል ነበር።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ረሃብ ያፈናቀለው ሕዝብ ድንበሩን እየጣሰ ሲገባ፣ ፓርቲው ድንበር ላይ ደርግን ለሚወጉት ታጋዮቹ ያስቀመጠው ዱራ፣ ማሽላው፣ በመጋዘን ነበር። ላቀው ኮሚቴውን ሰበሰበና መጋዘኑ ይከፈት አለ። ግማሽ ቀን ተከራከሩ። በመጨረሻ ስድስቱም እጃቸውን አወጡ፤ ስድስቱም ፈረሙ። ገጽ አርባ ሦስት ይኸው ነው። ላቀው ከረሃብተኛው መሐል እህል ሲያድል ሰንብቶ ትውከትና ተቅማጥ ያዘው። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሣህሊቱ ስለ ሦስቱ ቀናት ለማንም አልተናገረችም።

ዛሬ አባላቱ አዲስ ሊቀ መንበር ይመርጣሉ። ድንበር ላይ ያሉት ታጋዮች እህላችንን ማን ሰጠብን ብለው ደብዳቤ ልከዋል።

ከቤት ልትወጣ ስትል ምክትሉ ካሣ ከኮሚቴው አባል ከአየነው ጋር መጣ። ነፍስ ይማር አለ። በላቀው ወንበር ላይ ሳይሆን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ ሣህሊቱ፣ የሞተ ሰው አይታሰርም። እኛን ግን ይጠይቁናል። ታሞ ነበር፣ ራሱን አያውቅም ነበር፣ ብቻውን ከፈተው እንበል። ለእርስዎም ካርቱም ቤት እንፈልጋለን።»

«የታመመው እህሉን ካደለ በኋላ ነው» አለች። «ይከፈት ሲልም ሲፈርምም ራሱን ያውቅ ነበር። እናንተም ታውቁ ነበር።»

አየነው መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ካሣ መዝገቡን ከእጇ ወስዶ ገለጠ። አርባ ሦስተኛውን ገጽ በቀስታ ቀደደ፤ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ከዚያም ጸሐፊያችን ነዎትና መዝገቡን ይዘው ይምጡ ብሎ ወጣ። አየነው ተከተለው።

ስብሰባው በኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ነበር፤ ስልሳ ያህል ሰው መጥቷል። ካሣ ፀሐዩ ሳይከር በቀጥታ ወደ ምርጫው እንግባ አለ። አንዳርጌ የሚባል ሽማግሌ አጫጅ ከኋላ ተነሣ።

«የተከበሩ ላቀው ቢኖሩ ሳያስነብቡ ያስጀምሩን ነበር? እኛስ እንቅልፍ የለመድነው በንባቡ ነው።»

ሰው ሣቀ፤ ይነበብ ተባለ። ሣህሊቱ ተነሥታ መዝገቡን ከፈተች።

«ገጽ አርባ ሦስት» አለች። «ገጹ እዚህ የለም። የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ በቃሌ እላችኋለሁ። መጋዘኑ ለረሃብተኛው ይከፈት። ላቀው፣ ይከፈት ብሏል፣ ፈርሟል። ካሣ፣ ይከፈት ብሏል፣ ፈርሟል።»

ካሣ ከመቀመጫው ሳይነሣ ሰዎች ይቅርታ አድርጉላት፣ ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቶታል አለ።

ሣህሊቱ ዞር ብላ አየችው። «ባሌ ታሞ ነበር፣ እኔን ሐዘን ነክቶኛል። ጤነኛው አንተ ብቻ ከሆንክ ደረት ኪስህን ገልብጥና አሳየን።»

ካሣ አልገለበጠም። እጁ ግን ሳያስበው ኪሱ ላይ ሄዶ አረፈ፤ ሁሉም አየው። አየነው ብድግ አለ።

«አየነው፣ ይከፈት ብያለሁ። ፈርሜያለሁ።»

እሷም ቀጥላ የቀሩትን ሦስት ስሞች ጨረሰች።

ያም ሆኖ ካሣ ተመረጠ። ታጋዮቹ በደብዳቤያቸው እሱ ይመረጥ ብለው ነበርና ጠመንጃ ያለውን ወገን ማስቀየም ብዙዎቹ ፈሩ። እጃቸውን ያላወጡት ዘጠኝ ናቸው፤ ሣህሊቱ፣ አየነውና አንዳርጌ ከነሱ መሐል ነበሩ። እሷም ቃለ ጉባኤውን ጻፈች፤ ዘጠኙን በስማቸው አሰፈረች፤ የራሷን መጀመሪያ አደረገች። እያንዳንዳቸውን አስፈረመች፤ መፈረም የማይችለው አንዳርጌ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። ከዚያ መዝገቡን በካሣ ጭን ላይ አስቀመጠችና በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች።

መዝገቡ በኋላ ወደ ካርቱም ተወሰደ። አርባ ሁለተኛው ገጽ አለ። አርባ አራተኛውም፣ ዘጠኙ ስሞች ያሉበት፣ አለ። አርባ ሦስተኛው የለም።