የላስቲኩ ሌላኛው ጫፍ

ባሌ ጡረታ የወጣ ዕለት ጠዋቴ ከእጄ ወጣ። ደግነቱ ጎልፍ ይወዳል። ገና ሳይነጋጋ ዱላዎቹን ተሸክሞ ውልቅ ይልልኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ኳሷን ሊመታ ዞር ሲል እግሩ ከዳውና ጓደኞቹ ፊት ተዘረረ። ጉልበቱ አበጠ። ከዚያ ወዲህ ቤት ነው፤ እኔም አብሬው።

ቤት ድረስ እየመጣች ጉልበቱን በእንቅስቃሴ የምታክመው ፊዚዮቴራፒስት፣ የልጃችን እኩያ ናት፣ ነገሩን ቁልጭ አድርጋ ነገረችን። ጎልፍ የክንድ ጨዋታ ይመስላል እንጂ ኃይሉ የሚመጣው ከጭንና ከዳሌ ነው። ወገብ ካልተፍታታ ጀርባ ይጎዳል። ኳሷ ተመትታ ስትሄድ ደግሞ የሰውነት ክብደት በሙሉ አንድ እግር ላይ ያርፋል። «በአንድ እግር ሳይንገዳገዱ መቆም ሲችሉ ወደ ሜዳ ይመለሳሉ» አለችው። ረዳት ያስፈልጋል ስትል ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

እኔ እንደሆንኩ በደስታ ነው የገባሁበት። ታላቅ እህቴ ልብስ ስፌት ቤት ልትከፍት ነው፤ ጠዋት ጠዋት አብሬያት እንድሠራ ትፈልጋለች። ልጆች ካሳደግኩ ወዲህ የራሴ የምለው ነገር ሳገኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እሱ ቶሎ ሜዳው ከተመለሰ እኔም ወደ ስፌቴ እሄዳለሁ። ስለዚህ አላሳረፍኩትም። ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛውን ገፍተን ቁጭ ብድግ ይላል። ፊዚዮቴራፒስቷ የሰጠችንን የመለጠጫ ላስቲክ አንድ ጫፍ እይዝለታለሁ፣ ሌላውን እሱ ይዞ ወገቡን ያዞራል። ዳሌው አብሮ እንዳይዞር ከኋላ ጥርቅም አድርጌ እይዘዋለሁ። ጭኑ ጠነከረ፣ ወገቡም ተፍታታ። በአንድ እግር ቁም ስለው ግን ይንገዳገድና ትከሻዬ ላይ ዘፍ ይላል። ወራት አለፉ። እህቴ ትዕግሥቷ አልቆ «እስከ ነገ ካልወሰንሽ ሌላ ሰው አስገባለሁ» አለችኝ። ነገ ደግሞ ፊዚዮቴራፒስቷ የምትፈትነው ቀን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ፎጣ ላመጣ ስሄድ የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ባሌ መሃል ወለሉ ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ ካልሲ ያደርጋል። ግድግዳ አልነካ፣ አልጋ አልያዘ። ያፏጫል ጭራሽ። ካልሲው ተገልብጦ ኖሮ እዚያው እንደቆመ አውልቆ አስተካከለው። ደሜ ፈላ። ፎጣውን ትቼ ተመለስኩ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ፊት ግን እግሩን ከማንሳቱ ተንገዳግዶ ክንዴን ያዘ።

«ሌላ ጊዜስ እንዴት ናቸው፣ እናቴ?» አለችኝ።

እሱ ወለል ወለሉን ያያል። ልጅ ፊት ላዋርደው አልፈለግኩም። «እንደምታዪው ነው» አልኳት። ሌላ ወር ጨመረችልን።

እሷን ሸኝቼ ስመለስ «ጠዋት ካልሲህን እንዴት ነበር ያደረግከው?» አልኩት።

«አየሽኝ ማለት ነው» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ በእኔ ነው የምትቀልደው?»

«እዚያ ሜዳ አልመለስም። ስወድቅ ሳቁብኝ።»

«ታዲያ አትሂዳ! ማን አስገደደህ? እኔን ግን ልቀቀኝ።»

«ዳንኩ ካልኩ ትሄጃለሽ» አለ። «ከእህትሽ ጋር ስታወሩ እሰማለሁ። ሥራ ላይ ሳለሁ እኮ አንድ ቀን እንዲህ ይዘሽኝ አታውቂም። ቀኑን ሙሉ ብቻዬን እዚህ ቤት መቀመጥ እፈራለሁ።»

ለውሸትም ለጭቅጭቅም ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀሁም። አንጀቴን በላው። ያናደደኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ጥዬው እሄድ ነበር።

ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

«እህሳ፣ ፈተናውን አለፈልሽ?»

እሱ የሚያየው እኔን ነው፤ አይኑን አይነቅልም።

«እኔ እንጃ፣ እህት ዓለም» አልኳት። «ዛሬም ወደቀ። ሌላ ሰው አስገቢ።»