የቆጠራው ሳምንት

ሐሙስ ጠዋት ሲስተር እንደወትሮዋ ከሁሉም ቀድማ ቢሮ ገባች። ካፖርቷን ከበሩ ጀርባ ሰቀለች፤ መስኮቱን ገፋ አድርጋ ያደረውን አየር አስወጣች፤ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ሰካች። ውሃው እስኪፈላ የትምህርት ቤቶቹ ስልክ ይጀምራል። ጸሐፊዎቹ በየተራ እየደወሉ ማን እንደቀረና ምን ብሎ እንደቀረ ይነግሯታል። አንዱ ጥርሱን አሞት ነው። አንዷ አክስቷን ልትሸኝ ሄዳ ነው። አንዱ ደግሞ ጫማው አልደረቀለትም። ሲስተር ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ ሻይዋን እየቀዳች "እሺ፣ እሺ" ትላለች። ለእሷ ደህና ጠዋት ማለት ይኸው ነው፤ ልጆች በልዩ ልዩ ምክንያት የሚቀሩበት ጠዋት።

የዚያን ዕለት ግን ምክንያቱ አንድ ዓይነት ሆነባት። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ጉልበት ማጣት። ደዋዮቹ ወንዙ ዳር ያሉት ሁለት ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ከወንዙ ማዶ ኢንፍሉዌንዛ ከገባ ሰንብቷል፤ እዚያ ያሉት ትምህርት ቤቶችም ተዘግተዋል። ሲስተር ሻይዋን ሳትቀምሰው ወደ ስብሰባ ሄደች።

ስም አላት፤ ነገር ግን ነርስ በመሆኗ ሁሉም ሲስተር ይሏታል። ድሮ በየትምህርት ቤቱ አንድ ነርስ ነበር። በጀቱ ሲመናመን አንድ ነርስ ለሦስት ሆነ፤ ኋላም የሁሉም ጤና ወደ ዋናው የትምህርት ጽሕፈት ቤት መጥቶ እሷ ትከሻ ላይ አረፈ።

ስብሰባው የተጠራው ለሁለት ጉዳይ ነው። የበጀት ሹሙ እንዳለው፣ አንደኛው የሚመጣውን በሽታ መቀበል፣ ሁለተኛው የሚሄደውን ገንዘብ መሸኘት ነው። ይህን ሰው ከጽዳት ሠራተኛ እስከ ኃላፊ ሁሉም መቀስ ይለዋል። አይከፋውም። መቀስ ብሆንማ ጥሩ ነበር፣ ቢያንስ የሚቆረጥ ጨርቅ ይሰጡኝ ነበር እያለ ይቀልዳል።

ሲያወሩ ረፈደ። ለየመጸዳጃ ቤቱ ሳሙና ያስፈልጋል፤ መቀስ የወለል ሰም ከቀረ ሳሙናው ይገኛል አለ። ከቀለሙ ጋር ተጣብቀው የቀሩት መስኮቶች ይላቀቁ፣ አውቶቡሶቹም መስኮታቸውን ከፍተው ይሂዱ ተባለ። ትምህርት ቤት ቢዘጋ ምሳቸውን እዚያ ብቻ የሚያገኙ ልጆች ምን ይብሉ? ሾፌሮቹ ልጆቹን በሚያነሱበት መንገድ ምሳውን ያድርሱ። መምህር ሲታመም ማን ይተካል? እዚህ ላይ ሁሉም ጣሪያውን አዩ፤ የተተኪ መምህራን ገንዘብ ባለፈው ዓመት ተቆርጧል።

መጨረሻ ላይ ሲስተር ማሳሰቢያዋን አነበበች። ትኩሳት ያለበት ልጅ ትምህርት ቤት አይምጣ፤ ያለ መድኃኒት አንድ ሙሉ ቀን ትኩሳት ሳይነካው ከዋለ በኋላ ይመለስ። ይህን ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ሁሉም እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሰኞ የሚጀምረው የቆጠራው ሳምንት ነበርና።

መምህር የሚመደበው በዓመት አንድ ሳምንት በሚደረግ ቆጠራ ነው። ቆጣሪዎች በየክፍሉ እየገቡ ወንበር ላይ ያገኙትን ልጅ ይቆጥራሉ። የተመዘገበ አይቆጠርም፤ የታመመም አይቆጠርም፤ የተቀመጠ ብቻ። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ርዕሳነ መምህራን ፊልም ያሳያሉ፤ ክፍሎችን በኳስ ያጋጥማሉ፤ የሚያስነጥሰውንም በሻርፕ ጠቅልለው ወንበሩ ላይ ያስቀምጡታል። ይህን የማያውቅ የለም፤ የሚናገረውም የለም።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ማሳሰቢያው ዓርብ ማታ፣ ቆጠራው ካበቃ በኋላ ቢወጣ ምን ይመስልሻል አሏት። ቁጥር ከወረደ መምህር ይሄዳል፤ መምህር ከሄደ ልጆቹ በአንድ ክፍል ይታጨቃሉ፤ በሽታስ የሚወደው እሱን አይደለም ወይ?

"ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም" አለች ሲስተር።

"እሱስ አይወጣም" አሉ ኃላፊው። "የሚወጣው በአንቺ ፊርማ ነው፤ አልከለክልሽም። አስቢበት ነው የምልሽ።"

አሰበችበት። ሌላው ትምህርት ቤት ሁሉ ትልቅ ነው፤ ጥቂት ልጅ ቢጎድልበት ይንገዳገዳል እንጂ አይወድቅም። የዳገቱ ትምህርት ቤት ግን ከሁሉም ትንሹ ነው። አምስተኛ ክፍሉ የቆመው በቋፍ ነው፤ ከተወሰነው ቁጥር ዝቅ ካለ ክፍሉ ይዘጋና ልጆቹ ታች ወዳለው ትልቁ ትምህርት ቤት በአውቶቡስ ይወርዳሉ። የዚያ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ደግሞ እትዬ ናቸው፤ የሟች ባሏ ታላቅ እህት። ባሏም እዚያው አምስተኛ ክፍልን ያስተምር ነበር። አንድ ቀን የሚተካው ሰው ስላልነበረ ከነትኩሳቱ ሄዶ አስተማረ፤ ከእኩለ ቀን በፊትም ሰዎች ደግፈውት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሲስተር ለማንም ተርካ አታውቅም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሳይደውሉ መጡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወደ ማድ ቤት ዘልቀው የተጠራቀመውን ዕቃ ማጠብ ጀመሩ። ሲስተር ይተዉት እንጂ ብላ ተከተለቻቸው።

"ከስተሻል" አሉ እትዬ ዞር ሳይሉ። "ወይስ መነጽሬ ነው?"

"መነጽርዎ ነው እትዬ።"

"መነጽሬማ ባለፈው ወር አወፍሮሽ ነበር።"

ሁለቱም ሳቁ። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ አወሩ፣ የእትዬን ጉልበት ስላስቸገረው ደረጃ አወሩ። የመጡበት ነገር በመካከላቸው እንደ ሦስተኛ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እትዬ የመጨረሻዋን ሳህን አድርቀው እጃቸውን ሲጠርጉ፣ ልለምንሽ እንዳልመጣሁ እንድታውቂልኝ አሉ።

"አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። የእኔ አንድ ዓይን ያ ክፍል ነው። ይህን እያወቅሽ አድርጊው ልልሽ ነው።"

"አውቃለሁ እትዬ።"

"በቃ። ሌላ ነገር የለኝም።" በሩ ላይ ሲደርሱ ጓንታቸውን እያጠለቁ ቆም አሉ። "ማሳሰቢያው ከወጣ እኔ ዘንድ እንደተጻፈው ነው የሚሠራው። ስለ ሌላው አላውቅም።"

ሲስተር የዚያን ንግግር ክብደት ያን ጊዜ አልመዘነችውም። ሕግ ከወጣ ለሁሉም እኩል ነው፤ ሁሉም ትምህርት ቤት እኩል ከጎደለ ደግሞ ኃላፊው ለበላይ አካል የሚከራከሩበት ነገር ያገኛሉ ብላ አሰበች። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ሰው ግን እንደ ሐሳብ አይደለም።

ሰኞ ደወል ሳይደወል ማሳሰቢያውን ላከች።

የሆነውን ለማወቅ ሁለት ቀን በቂ ነበር። ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ማሳሰቢያውን አድርሰናል አሏት፤ አልዋሹም። አንዱ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፣ የሚከፈተው በር እንዲሸፍነው አድርጎ። አንዱ ለወላጆች የሚልከው ዓርብ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ነው። ሲስተር እየዞረች ክፍሎችን አየች። በአንዱ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ዓይኑ የቀላ ልጅ እስከ አፍንጫው በሻርፕ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳውን ደጋግሞ ያጠፋል፤ የሚጠፋ ጽሑፍ ግን አልነበረም። ልጁን ራሷ ወደ ቤቱ አደረሰችው። መንገድ ላይ "እኔ ስሄድ ይቆጥሩኛል?" ብሎ ጠየቃት። ሻርፑን ከአፍንጫው ዝቅ አደረገችለት። እሱን እስክታደርስ በሌላው ትምህርት ቤት ሌላ ሻርፕ ይጠቀለላል።

ረቡዕ ጠዋት ዳገቱን ወጣች። እትዬ የብረቱ በር ላይ ቆመዋል፤ ወፍራም ሹራብ ለብሰዋል፤ በእጃቸው የግንባር ሙቀት መለኪያ ይዘዋል። ልጆቹ ተሰልፈዋል። እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ፣ ፀጉሩን ከግንባሩ ገለጥ እያደረጉ ይለካሉ። የሞቀውን ወደ ጎን ያቆሙታል። አንዲት እናት፣ እትዬ ዛሬን ብቻ፣ ተቆጥራ ትመለስ ብላ ለመነቻቸው። እትዬ የልጅቷን አንገትጌ አስተካከሉላትና፣ ገብታ ሌሎቹን አስይዛ ከተመለሰች ወዲያ ምኑን ልመልሰው፣ ይውሰዷት አሉ።

የአምስተኛ ክፍል ልጆች ነገሩ ገብቷቸዋል። ክፍላቸው በጭንቅላት ብዛት እንደቆመ ቤት ውስጥ ሲወራ ሰምተዋል። አንዲት ረጅም ልጅ ተራዋ እስኪደርስ ግንባሯን በቀዝቃዛው የብረት በር ላይ አስደግፋ ቆየች። እትዬ ለኳት፤ ቁጥሩ ደህና ሆነ። ግንባሯ ላይ ግን የብረቱ ዝገት አሻራ ቀርቷል። እትዬ በመሐረባቸው ጠረጉላትና፣ እዚህ አጠገቤ ቁሚ እስኪ፣ አብረን እንጠብቅ አሏት። ሌሎቹን ጨርሰው ድጋሚ ለኳት። ልጅቷ ቁጥሩን ሳታይ ማልቀስ ጀመረች።

"አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ብረቱ ነው ያጋለጠሽ" አሏት። "ሂጂ ተኚ። ክፍሉ የእኔ ጉዳይ ነው።"

ሲስተር ከአጥሩ አጠገብ ቆማ ይህን አየች። እሑድ በር ላይ የተባለው ነገር አሁን ገባት። ማሳሰቢያዋን እንደተጻፈ የፈጸመው አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው፤ እሱም መጉደል የማይችለው።

ቆጠራው አለቀ። ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ሞልተው ተገኙ። የዳገቱ አምስተኛ ክፍል ጎደለ።

ሲስተር መቀስ ዘንድ ሄደች። የሐኪም ቃል አቀርባለሁ፤ የታመሙት እንደተቀመጡ ይቆጠሩልኝ አለችው። መቀስ የዚያን ቀን አልቀለደም። ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

"ሲስተር፣ እኔ የምቆርጠው በተሰመረው ላይ ነው። የማሰምረው እኔ አይደለሁም።"

ኃላፊውም ወደ በላይ አካል ጽፈው፣ ሕጉ ያው ነው የሚል መልስ አገኙ። አንድ መንገድ ቀርቶላት ነበር፤ በሻርፕ የተጠቀለሉትን ልጆች፣ ያየቻቸውን ሁሉ፣ መናገር። ይህን እስከ ምላሷ ጫፍ አድርሳው መለሰችው። ብትናገር የሌሎቹም ክፍሎች ይፈርሳሉ እንጂ የእትዬ ክፍል አይቆምም። ሻርፑን የጠቀለሉት መምህራንም ለራሳቸው ብለው አልነበረም። ትክክል አድርጋ እንደሆነ ግን ዛሬም አታውቅም። ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

በሽታው እንደተፈራው ገባ። ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች በየተራ ተዘጉ። መምህራን ወደቁ፤ አንደኛው ሆስፒታል ሰንብቶ በሰው ትከሻ ተደግፎ ወጣ። ሾፌሮቹ ምሳውን በየበሩ አደረሱ፤ ሳሙናውም አልጎደለም። የዳገቱ ትምህርት ቤት አንድም ቀን በሩን አልዘጋም። ኃላፊው ይህን በስብሰባ ላይ አንስተው ሲስተርን ሲያመሰግኑ፣ ትምህርት ቤቱ ትንሽ ስለሆነ ይሆናል፣ ዳገቱም ነፋስ አለው ብላ አቋረጠቻቸው። የምሯን ነበር። የማሳሰቢያው ሥራ ይሁን የዕድል፣ ለይታ ልትምልበት አትችልም።

የክፍሉን መዘጋት ለእትዬ የነገረቻቸው ራሷ ናት፤ በስልክ እንዲሰሙት አልፈለገችም። እትዬ ቢሯቸው ውስጥ ጫማቸውን አውልቀው ጉልበታቸውን እያሻሹ ነበር። ሰምተው ሲያበቁ እጃቸውን ከጉልበታቸው አነሱ።

"ሁሉም እንደ እኔ የሚሰማሽ መስሎሽ ነበር፣ አይደል?"

"መስሎኝ ነበር እትዬ።"

"እሱም እንዲህ ነበር" አሉ እትዬ። ማን እንደሆነ አልጠሩም።

ሲስተር መስኮቱን አየች። ከዚያ በላይ ቢናገሩ ኖሮ ተነስታ ትወጣ ነበር፤ እትዬም ይህን ስለሚያውቁ አልጨመሩም። ጫማቸውን እንዲያጠልቁ ረዳቻቸውና አብረው ወደ ግቢው ወጡ።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት ሲስተር እንደየዓመቱ ትምህርት ቤቶቹን ልትጎበኝ ወጣች። ዳገቱ ላይ ስትደርስ አውቶቡሱ ትልልቆቹን ልጆች ይዞ ሲወርድ ተላለፉ። እትዬ በረንዳው ላይ ቆመው ትንንሾቹን ያሰልፋሉ፤ እጃቸውን አንስተው ሰላም አሏት። በኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ክፍል በሩ ክፍት ነው። ወንበሮቹ ታች ወዳለው ትምህርት ቤት ተወስደዋል፤ ወለሉ ተጠርጓል፤ ሰሌዳው ታጥቧል። የዳገቱ ትምህርት ቤት አሁን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያስተምራል። አምስተኛ ክፍል የለም።