አንድ ኃላፊ ሳያየው አይጸናም

…ማንም ጻፍ አላለውም፣ እጁን ይዞ ያጻፈው የለም፣ ድጎማውን በማሽን የማስወሰኑን ዕቅድ አንቆ ለመግደል ብሎ የቅሬታ ክፍሉ ሹም ራሱ የወሸቃት ዓረፍተ ነገር ናት፣ ማሽኑ በድጎማ ማመልከቻዎች ላይ የሚሰጠው ማንኛውም ውሳኔ አንድ ኃላፊ ሳያየው አይጸናም፣ ኮሚቴዎቹ ይህን ሲያዩ ይደነብራሉ፣ ለከርሞ ይቆይ ይላሉ ብሎ ነበር፣ ሰብሳቢዋ ግን መነጽሯን አውልቃ፣ አንተ፣ ይህን የመሰለ ሐሳብ የት ደብቀኸው ኖሯል፣ ትለዋለች፣ ይጨበጨብለታል፣ እሱም፣ አይ ሞኝነት፣ ፈገግ ይላል።

ለመሆኑ ኃላፊው ማን ይሁን፣ ትላለች።

ዓይን ሁሉ እሱ ላይ። መስኮቱ አይከፈትም፣ ወንበሩ ከግድግዳው ተጣብቋል፣ ለመውጣት ረድፉን በሙሉ ማስነሳት አለበት፣ ከጎኑ የሕግ ክፍሉ ሰውዬ፣ አንቀጽ የሚሉት፣ እሰይ፣ ስህተት ሲገኝ የምናስረው ሰው አገኘን፣ ይላል፣ ይስቃሉ፣ እሱም ይስቃል፣ ምን ያስቀዋል፣ ሚስቱ ብታየው፣ የኔ ጌታ፣ ብልጠትህ እኮ ነው የሚያጃጅልህ፣ ባለች።

ሐሳቡን ይሳበው? ይሳበውና ማሽኑ ብቻውን ይፍረድ? ትናንት እንኳ አንዲት እናት፣ ልጄ፣ እኔን በቁሜ ሞታለች ብላችሁ ከመዝገብ ሰረዛችሁኝ፣ ስትለው ስቆ፣ ደንግጦ፣ መልሶ አስገብቷታል፣ እንደሷ ያለውን ማን ሊያየው ነው፣ ካልሳበው ደግሞ ያን ሁሉ ውሳኔ በየትኛው ዓይኑ።

አይጨነቁ ጋሼ፣ ይላል የኮምፒውተር ክፍሉ ወጣት፣ ውሳኔውን ካልነኩት ማሽኑ ትንሽ ጠብቆ ራሱ በስምዎ ያጸድቅልዎታል።

በስሙ። ሻይ ሲጠጣ በስሙ፣ ታሞ ሲተኛ በስሙ።

እንደሱማ አይሆንም፣ ይላል፣ ካልነካሁት ይቆይ፣ ሰብሳቢዋ ታዝናለች፣ የእውነት ታዝናለች፣ ይቆይ ማለት እኮ ወንድሜ፣ ሕዝብ ይጉላላ ማለት ነው፣ አንተ ሕዝብ ሲጉላላ ደስ ይልሃል? አይልም። እንግዲያው።

እምቢ በል ሰውዬ፣ አሁን፣ አፍህን ክፈት፣ ቆይ፣ እምቢ ካለ ማን ሊተካው ነው፣ አንቀጽ፣ አንቀጽማ አንዱንም ገልጦ አያይም፣ እሱ ቢያንስ ጥቂቱን፣ ከምሳ በፊት፣ የቻለውን ያህል፣ የትኞቹን ግን፣ ዕድሜያቸው የገፋውን ያስቀድም፣ አይ፣ አራስ ልጅ የያዙትን፣ አይ፣ አይ፣ ድጎማ የተከለከሉትን ብቻ፣ ከተከለከሉትም አቤት የሚልላቸው የሌለውን፣ ይህን ደግሞ በምን ይለያል፣ ሰብሳቢዋ ወረቀቷን ሰብስባለች፣ ሰዎቹ እየተነሱ ነው፣ እሺ አላለም፣ እሺ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፣ ሥራውን ግን በልቡ ጀምሯል።