መቅዲ የሠራችው ሚኒባስ

ከባሕር ዳር ሥልጠና የተመለስኩ ዕለት የኮምፒውተር ክፍሌን እየዘመረ አገኘሁት። ድምፁ ከግቢው በር ጀምሮ ይሰማኛል። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች መዝሙር የሚያጠኑ መስሎኝ ነበር፤ ስቀርብ ግን ቃሉን ለየሁት።

«ሂድ! ድገም! ከደረስክ ቁም! እንኳን ደህና መጣችሁ በል!»

የአምስተኛ ክፍል ልጆቼ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ በአንድ ድምፅ ይላሉ። ከፊታቸው ርዕሰ መምህራችን መሪጌታ ወልደ ሰንበት ቀጭን አርጩሜ ይዘው ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ትእዛዝ አንድ በአንድ መታ መታ ያደርጋሉ። አንዱ ልጅ ከሳተ «ተመለስ!» ይላሉ፤ ክፍሉ በሙሉ ከ«ሂድ» ይጀምራል። ላፕቶፖቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል።

«መጣሽ ወንጌላዊት?» አሉኝ ደስ ብሏቸው። «አንቺ የሌለሽበት ሳምንት በከንቱ እንዳያልፍ ብዬ ቃሉን አስያዝኳቸው። ይኸው፣ ውሃ አድርገውታል።»

ሰሌዳው ላይ ያለው የእኔ ኮድ ነው። ለመጀመሪያ ትምህርት ምሳሌ ይሁን ብዬ በአማርኛ ትእዛዝ የሠራኋት አንዲት ተራ ነገር ናት፤ ሚኒባስ ከደጀን ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ ይደርስና ስክሪኑ ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ልጆቹ አይተዋት እንዲያፈርሷት፣ መንገዷን እንዲቀይሩ፣ የራሳቸውን እንዲሠሩ ነበር የሰጠኋቸው። መሪጌታ እንደ ዳዊት አስደገሟቸው! ቦርሳዬን ወንበር ላይ ወርውሬ የመምህራን ማረፊያ ገባሁና ብቻዬን ተንጨረጨርኩ።

ትምህርት ቤታችንን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የግል ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተሰባስበው ያቋቋሙት። ቀኑ በጸሎት ይጀምራል፣ በጸሎት ያልቃል፣ ለዚህ ቅሬታ የለኝም፤ እኔም በዚያው ነው ያደግሁት። አጥሩ ላይ «በእምነት የጸና፣ በቴክኖሎጂ የላቀ ትውልድ» ተብሎ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል። ወላጅም ከአማኑኤል፣ ከሉማሜ፣ ከየገጠሩ ልጁን እያመጣ ከዘመድ ቤት የሚያስቀምጠው ይህችን ጽሑፍ አምኖ ነው። ቴክኖሎጂው እኔ ነኝ እንግዲህ። እኔና አሥራ ሁለት ላፕቶፖች።

ላፕቶፖቹ ደግሞ የእንግዳ ናቸው። እኛ ዘንድ ጥሩ ነገር ሁሉ ለእንግዳ ይቀመጣል፤ ጥሩ ብርጭቆ ለእንግዳ፣ ጥሩ ብርድ ልብስ ለእንግዳ። ላፕቶፕም እንደዚያው ሆነ። የመሪጌታ ባለቤት በእጃቸው የሠሩት ዳንቴል ለእያንዳንዱ ተለብሶለታል፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ፕላስቲክ የላጥኩ ቀን ደግሞ አዲስ ጫማ ጭቃ ውስጥ እንዳስገባሁ ያህል ተገሥጬበታለሁ። ቁልፉን ለማግኘት በሳምንት ሁለት ቀን እጣላለሁ። የቀረውን ጊዜ ልጆቹ በካርቶን ላይ የተሣለ ኪቦርድ ይነካሉ። በካርቶን!

መቅዲ እንግዲህ ከእነዚህ ልጆች አንዷ ናት። አባቷ አቶ እንዳላማው ሉማሜ አጠገብ ያርሳሉ፤ እሷ ማርቆስ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ትማራለች። ዓርብ ወደ ቤቷ፣ እሑድ ወደ ማርቆስ በሚኒባስ ትመላለሳለች። ቀጭን ናትና ረዳቱ ሁልጊዜ በሁለት ትልልቅ ሰዎች መካከል ይሰካታል። ዝምተኛ አይደለችም፤ «ለምን?» ሳትል አንድ ነገር አትቀበልም። እንዲህ ዓይነት ልጅ አስተማሪን ታደክማለች፤ እኔ ግን እሷን ሳይ ነበር ይህን ሥራ በመያዜ ደስ የሚለኝ።

መሪጌታ ቃሉን ካስያዟቸው በኋላ ቁልፉን ተጣልቼ ተቀበልኩና ልጆቹን ላፕቶፕ ላይ አስቀመጥኳቸው። «የያዛችሁትን እርሱትና የፈለጋችሁትን ሥሩ» አልኳቸው። አብዛኞቹ ያንኑ ሠሩ፤ ሂድ፣ ድገም፣ ቁም፣ በል። ከወደ መስኮቱ በኩል ግን ሳቅ ተነሣ። መቅዲን ከብበዋት ቆመዋል።

የሷ ሚኒባስ አይሄድም። ማውሱን በተጫንክ ቁጥር አንድ ሰው ይገባል፤ አሁንም ስትጫን ሌላ ሰው፣ አሁንም ሌላ። ወንበሩ ሞልቶ አንድ ሰው ከጨመርክ ግን ሚኒባሱ ጥሩምባውን ይነፋና ቀጥ ይላል። ስክሪኑ ላይ «ሞልቷል፤ ውረዱ» የሚል ይወጣል። ትርፉ ሰው እስኪወርድ ድረስ ብትለምነው አይንቀሳቀስም።

«ማን አሳየሽ?» አልኳት። ሰው የሚቆጥረውን ትእዛዝ ገና አላስተማርኳቸውም ነበር።

«እየነካካሁ አገኘሁት» አለች። «ረዳቱ ሁሌ ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ ይላል። እሱ ሲል ሹፌሩ ይሰማዋል። የኔ መኪና ግን እምቢ ይላል።»

ልጆቹ ይንጫጫሉ፤ እኔም አብሬ እየተንጫጫሁ ነበር። እውነቴን ነው፣ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ በየሳምንቱ የሚያፍናትን ነገር አስባ፣ ማሽን አዝዛ እምቢ አስባለችው። ኮድ ማለት ይኼ ነው፤ ሌላ ምን አለ?

በዚህ መሀል መሪጌታ ገቡ። ጫጫታው ነው ያመጣቸው። ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይኼ መኪና ለምን አይደርስም? ተበላሸ?»

«ሰው በዝቶበት ነው መሪጌታ» አለች መቅዲ። «አንድ ሰው ከወረደ ይሄዳል።»

«በቃል የያዝነው እንዲህ ነው? ማን አስተማረሽ?»

«ማንም።»

«ማንም!» አሉ፣ ሰይጣን ያለቻቸው ይመስል። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «የወላጆች ቀን ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ከሀገረ ስብከት እንግዳ ይመጣል። ሁሉም እኩል ተነሥቶ እኩል ካልደረሰ ማፈሪያ ነው የምንሆነው። ይህች ልጅ እስከዚያ ድረስ እዚህ ክፍል እንዳትገባ፤ የያዙትን ታስረሳቸዋለች።»

መቅዲ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። ልጆቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። እኔ መሪጌታን ተከትዬ ቢሯቸው ገባሁና በሩን በኃይል ዘጋሁት።

«መሪጌታ፣ እርስዎ የቅኔ ሰው ነዎት አይደል?»

«ቅኔን ከዚህ ምን አገናኘው?»

«ቅኔ ቤት እያሉ አንድ ተማሪ ጓደኛው የተቀኘውን የራሱ አስመስሎ ለመምህሩ ቢነግር ምን ይባል ነበር?»

ፊታቸው ተለዋወጠ። ጎጃም ተወልዶ ይህን የማያውቅ የለም። ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ ትናንት የተባለ ዛሬ አይባልም፤ የሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ቀና ብሎ አይሄድም። እሳቸው ለዚያ ትምህርት ሲሉ ዓመታት ቁራሽ ለምነዋል፣ ውሻ ነክሷቸዋል፤ ጠባሳውን ለልጆቹ ያሳያሉ።

«ሌባ ይባላል» አሉ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ክፍሉን በሙሉ ሌባ አድርገን ነው እንግዳ ፊት የምናቆመው? ሰሌዳው ላይ ያለው እኮ የኔ ነው! የራሷን የተቀኘችው አንዷ ናት፤ እሷን አባረሯት!»

አርጩሜያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

«ተማሪ ከመቀኘቱ በፊት የግእዙን ግሥ በቃሉ ይይዛል» አሉ በመጨረሻ። «ግሥ ሳይዝ የተቀኘ አላውቅም። እሷም መጀመሪያ ቃሉን ትያዝ። አንድም ሳትስት በቃሏ ከወጣችው ትመለሳለች።»

«እኔ አላስይዛትም!»

«ማን አንቺን ለመነሽ? እኔ አስይዛታለሁ።»

ያዟት እንግዲህ። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ቢሯቸው በረንዳ ላይ አስቀምጠው ያስደግሟታል። ሳልፍ እሰማለሁ። መጀመሪያ ሰሞን «ለምን ይደገማል?»፣ «ባይደርስስ?» እያለች ታስቸግራቸው ነበር፤ እሳቸውም አይቆጧትም፣ ይታገሷታል፣ ከረሜላ ይሰጧታል። ይኼ ነው የበለጠ ያናደደኝ። ክፉ ቢሆኑ ለቦርዱ እከሳቸው ነበር። ቀስ በቀስ ጥያቄው ቀረ። ሂድ፣ ድገም፣ ከደረስክ ቁም የሚለው ብቻ እየጠራ መጣ። አክስቷ ቤት ሄጄ «አይዞሽ፣ የራስሽን እንዳትረሺ» አልኳት። አክስቷ ግን አጠገባችን ተቀምጠው «ኧረ ቲቸር፣ እንደ ጓደኞቿ ትሁንልኝ፤ አባቷ ከሰማ ከትምህርት ያስቀራታል» አሉ። መቅዲ እኔንም አክስቷንም እያየች ራሷን ነቀነቀች። ለማንኛችን እንደነቀነቀች አላወቅኩም።

የወላጆች ቀን ዋዜማ ላይ መቅዲ አንድም ሳትስት በቃሏ ወጣችውና ወደ ክፍሉ ተመለሰች። በማግስቱ ጠዋት መሪጌታ ድንኳኑ አጠገብ ጠሩኝ። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው አምረዋል።

«ያልሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ» አሉ። «አርባ ጊዜ የተባለ ነገር አቅርቤ እንግዳ ባስጨበጭብ የቅኔ መምህሬ መቃብር ውስጥ ይታዘበኛል። ያቺ ልጅ የራሷን ታቅርብ። መድረክ ላይ እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

እጃቸውን ስሜ ነው የተለየኋቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሆዴ ስረግማቸው የከረምኩት ሴትዮ፣ እጃቸውን ሳምኩ!

ድንኳኑ ጢም ብሏል። አቶ እንዳላማው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ልጃቸው ታቀርባለች ስለተባሉ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። ማይክሮፎን ይዤ ልጆቹን የማስተዋውቀው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ክፍሉ በሙሉ በዜማ አለ፤ አሥራ ሁለቱ ላፕቶፖች ላይ አሥራ ሁለት ሚኒባሶች እኩል ተነሥተው እኩል ደረሱ። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እናቶች እልል አሉ። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ፤ የኔ ጊዜ ገና ነው።

ከዚያ መሪጌታ ተነሡና መቅዲን በእጃቸው ይዘው ፕሮጀክተሩ የተገናኘበት ላፕቶፕ ፊት አስቀመጧት። «ልጄ» አሏት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አሁን የራስሽን አሳዪን። እንደፈለግሽ።»

መቅዲ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ እጇን ኪቦርዱ ላይ አደረገችና በጠራ ድምፅ ጀመረች።

«ሂድ። ድገም። ከደረስክ ቁም። እንኳን ደህና መጣችሁ በል።»

አንድም አልሳተችም። ዓይኗ ኪቦርዱን እንኳ አላየም። ትልቁ ሸራ ላይ ሚኒባሱ ከደጀን ተነሣ፣ ማርቆስ ደረሰ፣ ጽሑፉ ወጣ። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። ሳያጨበጭቡ የቀሩት መሪጌታ ብቻ ናቸው፤ ክንዳቸው እንዲሁ ወርዶ ቀርቷል።

መቅዲ ወደኔ ሮጣ መጣች።

«ያንቺውስ?» አልኳት። «ሰው ሲበዛበት የሚቆመው?»

«ሰረዝኩት።»

«ማን ሰርዢ አለሽ? መሪጌታ ናቸው?»

«ማንም አላለኝም። እንዳያምታታኝ ብዬ ትናንት ራሴ ሰረዝኩት።» ፊቷ በደስታ በርቷል። «አሁን ትክክል ነኝ አይደል፣ ቲቸር?»

«አይደለሽም!»

ጮኼ ነው ያልኩት። ማይክሮፎኑን አላጠፋሁትምና ድንኳኑን ሞላው። ለዳንቴሉ ነበር የጮኽኩት፣ ለካርቶኑ፣ ለአርጩሜው፣ በዚያች በረንዳ ላይ ላለቀው ሦስት ሳምንት፣ አጥሩ ላይ ለተጻፈው ውሸት፣ ለዚያ ሁሉ ጭብጨባ። ፊቴ የቆመችው ግን መቅዲ ነበረች።

ጭብጨባው ቆመ። መቅዲ ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ማንም ሳያዛት የዩኒፎርም ቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ መድረኩ ላይ ተንበረከከች፤ ሁለት እጇንም ወደ ላይ አነሣች።

አቶ እንዳላማው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ሰው ሁሉ እያያቸው ነው፤ አፍረዋል።

«ምንድን ነው ያጠፋሽው አንቺ? ቲቸርን ይቅርታ ጠይቂ እንጂ!»

«ይቅርታ ቲቸር» አለች መቅዲ፣ እጇን እንዳነሣች። «ሁለተኛ አይለምደኝም።»