ውሃ የጠጣ እንጨት

ጀልባ ሠሪው ባሌ ፌርሞ የአባቱን ሞተር ጀልባ ማደስ ከጀመረ ወዲህ ልጃችን ተወልዳ፣ ተምራ፣ ሚላኖ ሄዳ አግብታለች። ጀልባው ግን ከመጠለያው አልወጣም። የሞተሩ ሥራ ካለቀ ቆይቷል፤ የቀረው የማሆጋኒ እንጨቱ ቫርኒሽ ነው። ይቀባል፣ ያደርቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ መልሶ ይቀባል። በየጸደዩ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ያገኝና ሁሉን ልጦ እንደገና ይጀምራል። የቫርኒሽ ሽታ ከፀጉሬም፣ ከአልጋዬም፣ ከፖሌንታ ገንፎዬም አልለቅ ብሏል። እኔስ ደከመኝ።

አማቴ ኤርሲሊያ ደግሞ ዘጠና አልፏቸዋል። በሙሽርነታቸው ከኮሞ ሐይቅ ማዶ የመጡት በዚሁ ጀልባ ነው። ሳይሞቱ በዚሁ ተሻግረው የተወለዱበትን ቤት ማየት ይፈልጋሉ። የዘንድሮው ክረምት ጎድቷቸዋል፤ ሌላ ጸደይ የሚያዩ አይመስለኝም። እሳቸውም አይመስላቸውም።

«የመንገደኛው ጀልባ በየሰዓቱ አለ እኮ፣ እማማ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«በእሱ ቱሪስት ይሂድ!» አሉኝ።

አንድ እሁድ ምሳ ላይ ፌርሞ አፉን እየጠረገ «አንድ ቅብ ብቻ ቀርቷል» አለ።

«አምናም አንድ ነበር» አሉት እናቱ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም፣ እማ?»

«አንተ እንደሆንክ ሳታፈስ ስትለቅም አረጀህ!»

እሱ ካርታ ሊጫወት ቡና ቤት ሲወርድ እማማ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

«ዚታ፣ የአትክልት ማጠጫውን ጎማ አምጪልኝ።»

«ምን ሊያደርጉበት?»

«አምጪ ነው ያልኩሽ።»

ገባኝ። ለዓመታት ደርቆ የቆመ ጀልባ ሐይቅ ከመግባቱ በፊት ሆዱ ውሃ ይጠጣል፤ ሳንቃው አብጦ ክፍተቱ እስኪደፈን። አንዴ ከጠጣ በኋላ ግን ቫርኒሽ አይቀበልም። ሐይቅ ካልገባም መልሶ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የጀልባ ሠሪ ሚስት ይህን መች ታጣዋለች! ጎማውን ጀልባው ውስጥ ከትቼ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።

ፌርሞ ሲመለስ ከጀልባው ሥር መጠለያው ወለል ላይ ውሃ ይወርዳል።

«ማነው ይሄን ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አልን ሁለታችንም እኩል።

ይጮኻል ብዬ ስጠብቅ የጀልባውን ሆድ በመዳፉ ዳሰሰና የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ። «ታዲያ ነገ ጠዋት ተነሥቼ ምን ልሠራ ነው?» አለኝ። ለካ እሱም ደክሞታል። አንጀቴን በላኝ።

«ነገማ ውሃ ትጨምርበታለህ» አሉት እናቱ።

ሳንቃው ውሃ ማፍሰሱን ሲያቆም ጀልባውን ወደ ሐይቁ አወረድነው። እማማ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡ። ሲገቡ የከዘራቸው የብረት ጫፍ አዳልጦ ያን ሁሉ ዓመት የተለፋበትን ቫርኒሽ ከዳር እስከ ዳር ጫረው። ፌርሞ ጭረቱን አየ፤ ከዚያ እናቱን አየ።

«እግርሽን እዚህ አድርጊ፣ እማ» አለ ክንዳቸውን ይዞ። «ቀስ በይ፤ አንቸኩልም።»

«አንተ አትቸኩልም» አሉት። «እኔ ግን እቸኩላለሁ። በል አስነሣው!»