ሙሽራ ላይ ያፈሰሰው መኪና

ሙንተሲር ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ምንጣፍ ሲጨምቅ ክንዱ ዛለ። ሦስተኛው ባልዲ ሊሞላ ነው፤ ምንጣፉ ግን ገና ያንጠባጥባል። ወገቡን ይዞ ቀና ሲል አጥንቱ ተንቋቋ። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ሁለት የቀረው ሰው መኪና ውስጥ ተጠቅልሎ መዋል እንደሌለበት ያውቃል። ምን ያድርግ? አሰላ ውስጥ ጣሪያው የሚከፈት መኪና እሱ የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ለመንካት የሚደፍር መካኒክም አንድ ብቻ።

መኪናው የወንደሰን ነው። ነጭ ነው፣ አሮጌ ነው፣ ሥራው ሙሽራ ማመላለስ ነው። ሸራው ታጥፎ ሙሽሮቹ ከኋላ ከፍ ብለው ሲቀመጡ ሰዉ በየመንገዱ አበባና ፈንድሻ ይበትንባቸዋል። ባለፈው እሑድ ከሳጉሬ ሲመለሱ ግን ዝናቡ ወረደና ጣሪያው ተዘጋ። ተዘግቶም አላዳነም። ከወንበሩ ጀርባ ቡናማ ውሃ ገንፍሎ የሙሽራይቱን ቬሎ እስከ ጉልበቷ አጨቀየው። ምስኪን፣ ስታለቅስ ዋለች።

በዚያው ቀን ወንደሰን ሾፌሩን ዕዝራን "በደንብ አልዘጋኸውም" ብሎ አባረረው። ዕዝራ ቢምል ቢገዘት ሰሚ አላገኘም። ሙንተሲር ተጠይቆ፣ "እኔ ከሠራሁት ገና ወሩ ነው። ጣሪያው ደህና ነው፤ ጥፋቱ የዘጋው ሰው ነው" ብሎ ነበር። የሁለት ልጆች አባቱ ዕዝራ አሁን በቆጂ አማቱ ዘንድ ሆኖ ድንች ይጭናል አሉ።

"አባ ሙቢና፣ ምሳው ቀዘቀዘ እኮ" አለች ሚስቱ ጁወይሪያ ከበሩ፣ እንደ ወትሮው በልጃቸው ስም ጠርታው።

"ነይ እስቲ፣ መጀመሪያ ይችን የውሃ ጎማ ያዢልኝ። ቀስ አድርገሽ፣ ጥጉ ላይ።"

ጁወይሪያ ያዘችለት። ውሃው በሸራው ላይ ተንሸራቶ ከወንበሩ ጀርባ ባለው ቦይ ተጠራቀመ፤ ሞላ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ፈሰሰ።

"ይሄ አሸንዳ ነው እንዴ?"

"አሸንዳ በይው።"

"ታዲያ መውረጃው የት አለ?"

ሙንተሲር ጎንበስ ብሎ ቦዩን ጫፍ ለጫፍ ዳበሰ። ባለፈው ወር ከቦዩ ጫፍና ጫፍ ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች ውሃ ሲንቆረቆር አይቶ፣ "አገኘሁህ!" ብሎ በሲሊኮን የደፈናቸው እሱ ነው። ያደገው የሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር ነው፤ አባቱ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያ ላይ እያወጡት ምስማር የተነቀለበትን ቀዳዳ ሁሉ በሬንጅ ሲያስደፍኑት ኖረዋል። ቀዳዳ አይቶ ማለፍ አልለመደበትም።

አንደኛውን ቀዳዳ በካቻቢቴ ጎረጎረው። ሲሊኮኑ ተነቅሎ ወጣ፤ ከሥሩም የበሰበሰ አበባና ያበጠ ፈንድሻ ተከታትሎ ወጣ። ያን ጊዜ ውሃው ጉሮሮው እንደተከፈተለት ሰው ተንጎራጉሮ ከመኪናው ሥር መሬት ላይ ፈሰሰ። ሌላውንም ከፈተ። ቦዩ ባዶ ሆነ።

"ማን ነው የደፈነው?" አለች ጁወይሪያ።

"እኔ ነኝ።"

አየችው። ያ ሾፌር ትዝ እንዳላት ከፊቷ አወቀ። ውሃውን ዘጋችና ገባች፤ ብትቆጣው ይቀለው ነበር። ሠላሳ ዓመት የሠራበት ስም ነው፤ ስም ደግሞ ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ዛሬ ቢናገር እስከ ማታ ከተማው ሁሉ "ሙሽራዋን ያጨቀያት ሙንተሲር ነው" ይላል። አፈረ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ደከመው።

አሥር ሰዓት ላይ ወንደሰን መጣ። ራሱ በባልዲ ውሃ እየደፋ ሞከረው፤ ጠብ የሚል የለም።

"ጋሼ ሙንተሲር፣ እጅዎ ይባረክ! ምን ሆኖ ነበር? ያ ዕዝራ ሲጎትተው የሆነ ነገር ሰብሮ ነው አይደል?"

አንዲት "አዎ" ትበቃ ነበር። ሙንተሲር አፉ ላይ ደርሳ ተሰማችው። ከዚያ የተነቀለውን ሲሊኮን አንስቶ አሳየው።

"የውሃ መውረጃውን በዚህ የደፈንኩት እኔ ነኝ። ልጁ በደንብ ነው የዘጋው። ወላሂ፣ እሱ ምንም አላጠፋም።"

ወንደሰን ግራና ቀኙን ቃኘ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

"ይሁን ጋሼ፣ አለፈ። ለማን ይነገራል? እኔም ሌላ ሾፌር አግኝቻለሁ። ለእሑድ ሠርግ አለብኝ፣ ቁልፉን ብቻ ይስጡኝ።"

"ቁልፉንማ ዕዝራ መጥቶ ይወስዳል።"

"ጋሼ! መኪናው እኮ የኔ ነው!"

"ያንተ ነው። ስህተቱ ግን የኔ ነው።" ሙንተሲር ቁልፉን ኪሱ ከተተና እርጥቡ የሾፌር ወንበር ላይ ተቀመጠ። "ደውልለትና ስልኩን ለኔ ስጠኝ። መጀመሪያ የማናግረው እኔ ነኝ።"